የሚና ወንድም

«አርጅቶ ነው የሞተው» አለች እናቷ።

አርሴማ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ተናኘ ግን ወደ ልጇ አልዞረችም። ለእንግዳው ጭማቂ እየቀዳች ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። አቶ አብዲሳ ከልጃቸው ከዶርቃ ጋር ቡችላ ሊመርጡ እነ አርሴማ ወደሚኖሩበት የጀርመን ሰፈር፣ ኡንተርሊደርባህ ድረስ መጥተው፣ ሶፋው ላይ ከተደላደሉ በኋላ፣ «እኛ ዘንድ እኮ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሙሽራ አትወሰድም። ይቺንም እስቲ አስቆጥሩኝ» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ተናኘም እየሳቀች ቆጠረች፤ የቡችላዋ እናት ሚና፣ የሚና እናት ሎታ፣ ሎታን የሰጠቻት ደግሞ ተናኘ ድሮ ትንከባከባት የነበረች አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት። የቡችላዋ አባት ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር የሚኖር የአንድ ጡረተኛ ውሻ ነው።

«ኧረ ሰባት አልሞላም! ለመሆኑ ሚና ወንድም እህት የላትም?» አሉ አቶ አብዲሳ።

«ማክስ የሚባል ወንድም ነበራት» ያለችው ያኔ ነው። «አርጅቶ ነው የሞተው።»

ማክስ ሲሞት ገና አራት ዓመቱ ነበር። ዳክል እንደሚባሉት ውሾች ሁሉ ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። አርሴማ ሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፋ ከኋላ ከፍ እያደረገች ደጅ ታወጣው ነበር። እሱ ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ኳሱን ይፈልጋል። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሟ በመርፌ አሳረፈችው። ከዚያም ሚናን ስትዳስስ ቆይታ በጀርመንኛ የተናገረችውን ለእናቷ የተረጎመችው ራሷ አርሴማ ነበረች። በሽታው የጀርባ አጥንት ነው፤ በዘር ይሄዳል፣ ደረጃ መውጣትም ያባብሰዋል። ሚና ከመውለዷ በፊት ጀርባዋን ራጅ ትነሣ። ከወለደች ደግሞ ቡችላዎቹን የሚወስዱት ሰዎች ይህን ማወቅ አለባቸው።

ሚና ራጅ አልተነሣችም። ወለደች።

«ሽምብራ ነው የምላት!» አለች ዶርቃ፣ ትንሿን ቡናማ ቡችላ ደረቷ ላይ ለጥፋ። «አርሲ፣ እያት እስቲ። የምር፣ ሽምብራ አትመስልም?»

«ትመስላለች» አለች አርሴማ።

ቡችላዋ ክትባቷን ጨርሳ ቅዳሜ እንድትወሰድ ተቀጠረ። አቶ አብዲሳ በሩ ላይ ሆነው ተናኘን መረቁ፤ ቤቷንም፣ ልጇንም፣ ሚናንም። ዶርቃ አፍራ እጅጌያቸውን ጎተተች። «ፓፓ፣ በቃ! ውሻ ላይ አይጸለይም።»

እንግዶቹ እንደሄዱ አርሴማ እናቷን ወደ ማድ ቤት ተከተለቻት።

«እማ፣ ማክስ አላረጀም።»

«እና?»

«ለምን አረጀ አልሽ?»

«ምን ልበል? ሽባ ሆኖ ሞተ ልበል? ሰው ቤትሽ መጥቶ ጭማቂ እየጠጣ በሽታ ትደረድሪለታለሽ?»

«ጠየቁሽ እኮ!»

«በቀልድ ነው የጠየቁት።»

«አንቺ ግን በቀልድ አልመለስሽም።»

ተናኘ ብርጭቆዎቹን ማጠቢያው ውስጥ አንኳኳቻቸው። «ሐኪሟ ‹ሊሆን ይችላል› ነው ያለችው። ሊሆን ይችላል! አንዳቸውንም ላይነካቸው ይችላል።»

«እነሱም እሱን ይወቁዋ። ‹ሊሆን ይችላል›ን ይወቁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ውሻ ሳሎን አስገባች ተብዬ ስንት ዓመት እንደተሳቀብኝ ታውቂያለሽ? ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ መቆም የሚጠየፉ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ለልጆቻቸው የሚለምኑኝ እነሱ ናቸው። ‹የተናኘ ውሾች› ነው የሚሉት። አሁን ‹የተናኘ ሽባዎች› ልባል?»

«‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ስትይ የምትውይው አንቺ አይደለሽ?»

«እሱ ለሰው ነው!» አለች ተናኘ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሰውም ቢሆን ማን ይናገራል? አባትሽን ሳገባ ማን ነገረኝ? እናቱን በሠርጉ ቀን ሰው እጃቸውን ይዞ ነበር የሚመራቸው። ምን ሆነው ነው ብል፣ ‹የሠርግ ድካም ነው› አሉኝ። የሠርግ ድካም! ግላኮማ ነበር፤ ሁለቱም ዓይናቸው አያይም። በዘራቸው ያለ መሆኑን ያወቅሁት እዚህ አገር አባትሽ አውቶቡስ መንዳት ሲከለከል ነው።»

አርሴማ ይህን ታሪክ በቁርጥራጩ ታውቀው ነበር። እሷም በየዓመቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ የምትሄደው ለዚሁ ነው። የሠርጉን ግን ሰምታ አታውቅም።

«ቢነግሩሽ አታገቢውም ነበር?»

እናቷ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«አገባው ነበር» አለች። «ግን ቶሎ ሐኪም ዘንድ እወስደው ነበር። ቢያንስ አንዱ ዓይኑ ይተርፍ ነበር።»

አርሴማ መናገር አላስፈለጋትም፤ እናቷ የገዛ ቃሏን እንደሰማችው ከፊቷ ላይ ታይቷታል። አሁን ‹ልንገራቸው› ትላለች ብላ ጠበቀች። አሁን ስልኩን ታነሣለች።

ተናኘ ቧንቧውን ከፈተችው። «ይበቃል። የቤታችንን ገበና አደባባይ አታውጪ።»

ሳሎን ውስጥ አባቷ ግርማ ሁሉንም ሰምቷል። ሶፋው ላይ ሪሞቱን በእጁ እየዳበሰ ይፈልግ ነበር፤ ከጉልበቱ አጠገብ ነበር። አርሴማ አንሥታ ሰጠችው።

«እናትሽ ነገሩ ይገባታል» አላት።

«ከገባት ለምን አትናገርም?»

«መግባትና መናገር ለየቅል ነው ልጄ።»

«አንተስ፣ አባ? ለምን አትነግራቸውም?»

ግርማ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። አርሴማ ትራስ አንሥታ ግድግዳው ላይ መወርወር አማራት። እዚህ ቤት ሁሉም ያውቃል፤ የሚያውቁትን ግን ማንም ለማንም አይናገርም። ሲጠየቁ አንዱ ቧንቧ ይከፍታል፣ ሌላው ቴሌቪዥን።

በማግስቱ በትምህርት ቤት እረፍት ዶርቃ ቀይ አንገትጌ ከቦርሳዋ አወጣች። በጣም ከማነሱ የተነሣ የእጇ አንጓ ላይ እንደ አምባር አጥልቃው ነበር።

«ፕሮግራም አውጥቻለሁ» አለች። «መጀመሪያ ስሟን፣ ከዚያ ደረጃውን። የኛ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ፓፓ ‹ከመጣች ወር ሳይሞላት እንደ ፍየል ትወጣዋለች› ብሏል። ውድድር እናደርጋለን!»

«ደረጃ እንዳታስወጫት!»

ካሰበችው በላይ ጮኸች። አጠገባቸው የቆሙ ልጆች ዞር አሉ።

«ቫሩም? ለምን?» አለች ዶርቃ፣ ዓይኗ ፈጥጦ።

ማክስ አለች አርሴማ በልቧ። ማክስ ነው ምክንያቱ። በይ። አንድ ቃል ነው።

«ገና ሕፃን ናት ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ማማ!» ዶርቃ ሳቀች። «ስታድግ ታዲያ። አንቺ ደግሞ፣ ሰው ታስደነግጫለሽ።»

አርሴማም ፈገግ አለች፤ ወዲያውም ፈገግታዋን ጠላችው። ዳቦዋን ጠቅልላ መልሳ ከተተችው። ከትናንት ጀምሮ እናቷ ላይ ስትቆጣ ቆይታ፣ ተራዋ ሲደርስ ያደረገችው ያንኑ ነው። እውነት የሚመስል ቁራጭ ሰጥታ ዋናውን ደበቀች። ያውም የእናቷን ያህል ሳትጨነቅ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ሳምንቱን ሙሉ ለዶርቃ መልእክት ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። በጀርመንኛ ስትጽፈው የሐኪም ወረቀት ይመስላል፤ በአማርኛ ስትጽፈው እናቷን መክሰስ ይሆንባታል። ዶርቃ ደግሞ የሽምብራን አልጋ፣ የሽምብራን ሳሕን፣ የሽምብራን ብርድ ልብስ ፎቶ ትልካለች። አርሴማ ለእያንዳንዱ ልብ ትልክላታለች። ልብ መላክ ቀላል ነው።

አርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ዶርቃ የመዘምራን ልምምድ ላይ እንደሆነች ታውቃለች። እሷ በሌለችበት ልትናገር ፈልጋ ነው ይህን ሰዓት የመረጠችው። ስለ ሚና ወንድም የጠየቁት አቶ አብዲሳ ናቸው፤ መልሱም የሚገባው ለሳቸው ነው። አራቱን ፎቅ ወጥታ በሩ ፊት ስትደርስ ስልኳ ጠራ።

«የት ነሽ?» አለች እናቷ። ከበስተጀርባ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ጋሪ ይንኳኳል።

«እነ ዶርቃ በር ላይ።»

ጋሪው ቆመ።

«ነገርሻቸው?»

«ገና ነኝ። ልነግራቸው ነው፣ እማ። ብትቆጪም ተቆጪ።»

«ነገ ቤቴ ሲመጡ በምን ፊቴ ነው የማያቸው?»

«አላውቅም» አለች አርሴማ። በእርግጥም አታውቅም ነበር።

አርሴማ እናቷ ስልኩን የዘጋች መስሏት ስክሪኑን አየች፤ አልተዘጋም። በመጨረሻ ተናኘ ተናገረች፤ ድምፅዋ አሁንም ቁጡ ነበር፤ ግን ዝቅ ብሏል።

«ስለ ማክስ ብቻ ነግረሽ እንዳትመጪ።»

«ማለት?»

«ሎታም ነበረባት። እኔ ሳልወስዳት በፊት ጀርባዋን ቀደው አክመዋታል። አሮጊቷ ስትሰጠኝ ነግራኛለች። ለሐኪሟም አልተናገርኩ፤ ለአንቺም።»

አርሴማ ከሎታ ጋር ነው ያደገችው። ሎታ ጀርባ ላይ ፀጉር የማይበቅልበት ቀጭን መስመር ነበር። ሕፃን ሳለች ጣቷን እያስኬደችበት፣ «ይሄ መንገድ ወዴት ይሄዳል?» እያለች ትጫወት ነበር። እናቷም አብራት ትስቅ ነበር።

ለመቆጣት አፏን ከፈተች። ብዙ ነገር መጣባት።

«ከነገርሽ አይቀር ሙሉውን ንገሪ» አለች ተናኘ። ስልኩን ዘጋችው።

አርሴማ ደወሉን ተጫነች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ፤ በሩም ተከፈተ።

«አርሴማ! ዶርቃ እኮ የለችም፣ ልምምድ ላይ ናት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሽ አብዲሳ» አለች። «የመጣሁት እርስዎ ዘንድ ነው።»