የአባባ ይቅርታ

«እኔው ነኝ፤ ካውያውን ሳልነቅል ወጥቼ ነው» አሉ አያቱ፣ የከሰለውን የመተኮሻ ጠረጴዛ በመዳፋቸው እየዳበሱ። የልብስ ስፌት ክፍሉ አሁንም የተቃጠለ ሱፍ ይሸታል። ለደንበኛ ያለቀው ኮት ጀርባ የለውም።

የልጅ ልጃቸው ሽቅርቅሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ቤተሰቡ ይህን ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም፤ የሱሪው ተኩስ ሽንኩርት ይከትፋል። ትናንትም ያንኑ ሱሪ እየተኮሰ ሳለ ጓደኞቹ በፉጨት ሲጠሩት፣ ካውያውን እንደጋለ ትቶ በረረ።

«አባዬ፣ መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ሰፈሩን ሁሉ ለፍለጋ የሚያስወጡ ሰው ነዎት» አለች እናቱ። «በቃ፣ የስፌት መኪናው ይሸጣል። ከነነፍሳችን ሊያነዱን ነበር እኮ!»

«ልክ ነሽ ልጄ። ጭንቅላቴ ወንፊት ሆኗል።»

አባባ ለዝንብ ኮት ይስፉ ቢባሉ፣ እጅጌውን ለክተው ኪስ ጨምረው የሚያስረክቡ ሰው ነበሩ። አሁን እጃቸውን ጭናቸው መሃል ደብቀው ተቀመጡ።

ሽቅርቅሩ ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ተኩስ አቃና። እሳቸው አምነው የለ? እሱን ማን ጠየቀው?

እናቱ ስትወጣ አባባ ጠሩት። «ና እስቲ የኔ ሽቅርቅር። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ፈጣሪዬን ለምኛለሁ። ግን አንተ እዚህ ውስጥ ብትሆንስ ኖሮ? ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብያለሁ፣ አባባ።»

«ተመስገን» ብለው ጎንበስ አሉና እጁን ሳሙት።

እስከ ዛሬ ኃጢአት የሌባና የነፍሰ ገዳይ ሥራ ይመስለው ነበር። እሑድ እሑድ ስብከት ሲሰማ እንኳ ተግሣጹን ለየጎረቤቱ ሲያከፋፍል ነው የሚውለው፤ ለራሱ ፍርፋሪ አያስቀርም። ካውያ መርሳት ማንንም ያገኛል። ያልበደሉትን ሽማግሌ ይቅር ማለት ግን፣ ያውም እንደ ጳጳስ ፊቱን አለስልሶ! የተሳመው እጁ የሌላ ሰው መሰለው። ተራራ የሚያህል ነገር ደረቱ ላይ ተቀመጠ። «አቤቱ...» ብሎ በልቡ ጀመረ፤ የሚቀጥለው ቃል አልመጣለትም።

ከግቢው የእናቱ ድምፅ ይሰማል። የስፌት መኪናውን የሚገዛው ሰው መቼ መጥቶ እንደሚወስደው በስልክ እየተነጋገረች ነው።

«አባባ፣ እዚሁ ይቆዩ። እማዬን ልጥራት።»

«ምነው? አመመህ እንዴ?»

«አዎ» አለና ወጣ። «እማዬ፣ አንዴ ስልኩን ዝጊው።»