የሃርተን ከተማ ቅርሶች

እንግዳው ፖስትካርዱን በሻይ ብርጭቆው ሥር ገፋ አደረገለት።

ምናሴ ወዲያው አላነሳውም። መጀመሪያ መንገዱን ቃኘ። ሽንኩርት የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ጠመንጃቸውን እንኳ አስጥሏቸዋል።

ከዚያ አነሳው። ሰዓት የተሰቀለበት የፍርድ ቤት ማማ። ሃርተን፣ አሜሪካ።

መጋቢት 1970 ነው። ለከተማው ሰው ምናሴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለሕቡዕ ድርጅቱ የምስጢር ስሙ «ደወል» ነው። ደርግ የሚያሳድዳቸው አምስት ወጣቶች በገበሬው በነጅሙዲን የሽንኩርት እርሻ ተደብቀዋል። ዛሬ የሚመጣው መልእክተኛ ተረክቧቸው በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ ያሻግራቸዋል። ላኪው አዲስ አበባ ያለው ክንፈ ነው፤ ሃርተን አብሮት የተማረ ጓደኛው። ምናሴ በድርጅቱ ማመን ካቆመ ቆይቷል። እስካሁን ያልወጣው ለክንፈ ሲል ነው።

የይለፍ ቃሉን የፈጠሩት ሁለቱ ናቸው። መልእክተኛው የሃርተንን ቅርሶች ይቆጥራል። ደብረ ሲና እንደ አሜሪካ ሰሜን ስለምትበርድ «ኒው ኢንግላንድ» ትባላለች፤ የይፋት ቆላ ደግሞ «ደቡብ»።

«አለባቸው እባላለሁ» አለ እንግዳው። «እኔም ሃርተን ነበርኩ። በሃምሳ አምስት።»

«ታስታውሳታለህ?»

«ትረሳለች እንዴ! ፍርድ ቤቱ። የድሮው የጥጥ ፋብሪካ። ያ ጣሪያ ያለው የእንጨት ድልድይ።»

ልክ ነው። አንድም አልሳተም።

«ቲያትር ቤቱስ?»

«ውይ፣ እሱማ! ጣሪያው የወርቅ ቀለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ረድፍ ቁጭ ብዬ ፊልም አይ ነበር።»

ምናሴ ፖስትካርዱን ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

ከፊት ረድፍ።

ሃርተን የአሜሪካ ደቡብ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው በጎን በር ገብቶ፣ የብረት ደረጃ ወጥቶ፣ ሰገነት ላይ ነበር የሚቀመጠው። የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለኝ የሚለው ኢትዮጵያዊም ጭምር። እሱና ክንፈ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጠዋል። የከተማዋ የጎብኚዎች መጽሐፍ ይህን አይጽፍም።

ይህ ሰው ሃርተንን አላያትም።

ቅርሶቹን ሊነግረው የሚችለው ክንፈ ብቻ ነው፤ ፈቅዶ ቢልከው ግን ሰገነቱንም ይነግረው ነበር። እንግዲያው ክንፈ ተይዟል። ገርፈውታል። ሁሉንም ሰጥቷቸዋል፤ ሰገነቱን ግን አስቀርቷል።

«ታዲያ ሰዎቹ የት ናቸው?» አለባቸው ፈገግ አለ።

እውነቱን ቢናገር አምስቱ ያልቃሉ። ቢዋሽ፣ ክንፈ አንድ ነገር እንደደበቀ ያውቃሉ።

ይገድሉታል።

«እትዬ ሰይዳ!» ሲል የሻይ ቤቷን ባለቤት ጠራ። «ይሄ ሻይ ውሃ ውሃ ይላል።»

«ወላሂ መምህር፣ ባሕር ማዶ ከደረስክ ወዲህ ምን ይጥምሃል? አግባና ሚስትህ ታፍላልህ!»

እየሳቀች ብርጭቆውን ወሰደች። ሻዩን መንቀፉ የተስማሙበት ምልክት ነው፤ ሰዎቹ አሁኑኑ ይውጡ ማለት። በጓሮ በር ስትወጣ አያት።

«ኒው ኢንግላንድ ናቸው» አለ ምናሴ። «ከገበያው በላይ፣ ቆርቆሮው የዛገ መጋዘን።»

«አብረን እንሂድ።»

«ክፍለ ጊዜ አለኝ። ከቀረሁ ከተማው ሁሉ ይጠረጥራል።»

አለባቸው ወደ ደብረ ሲና ሊሄድ ተነሳ። አንዱን ጥበቃ በዓይኑ ጠቀሰው።

ጥበቃው እስከ ክፍሉ በር ተከተለ። ምናሴ የአሜሪካን ክልሎች ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ የክፍል አለቃዋን «አንቺ አስነብቢያቸው» አላት።

«ኒው ኢንግላንድ!» ሃምሳ ተማሪ ጮኸ። «ደቡብ! መካከለኛው ምዕራብ!»

ክፍሉ እስከጮኸ ድረስ መምህሩ አለ። ጥበቃው ግድግዳውን ተደግፎ ሲጋራ ለኮሰ።

ምናሴ በጀርባ በኩል ባለው መስኮት ዘሎ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ሰሜን ሸሽቶ ካራቆሬ ላይ ሳለ፣ እነ ሰይዳ ወጣቶቹን አደራ የሰጡት አሻጋሪ አደም የላከው መልእክት ደረሰው። አምስቱም በሰላም ተሻግረዋል።

በሳምንቱ፣ ጭነት ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ ሬዲዮው አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደባቸውን ስም ዘረዘረ። ክንፈ ሦስተኛው ነበር።

«ዝም ብለህ አደመጥክ» አሉት አንድ ሽማግሌ። «የምታውቀው አለበት እንዴ ልጄ?»

«የለም አባባ።»

«ስምህ ማን ነበር?»

«ካሳሁን» አለ ምናሴ።

ጆንያውን ትከሻው ላይ አወጣና ወደ መኪናው ሄደ።