አምባር የማይገባበት ክፍል

የጨውበር ሰው ጠዋት ጠዋት ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያየው ዝናብ ፈልጎ አይደለም። ዳሱ በሰዓቱ መውጣቱን ሊያረጋግጥ ነው። ዳሱ የተሠራው ከበራሪ ሸራዎች ነው። ፀሐይዋ ጉልበት ሳታወጣ ከማማዎቻቸው ተነሥተው ይበራሉ፤ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ በረሃው መሀል የተቆረቆረችው ከተማ ገበያና ሆስፒታል ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ በጥላ ይውላሉ። ይህ አሮጌ ዳስ የሚያለብሰው ግን እነዚህን ብቻ ነው። አሁን ከተማውን በሙሉ የሚሸፍን አዲስ ዳስ እየተሠራ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ሸራዎቹን የሚያጥፍ፣ ሲረጋ የሚዘረጋ ሶፍትዌር የሚጽፈውን ቡድን የምትመራው አስካለ ናት።

ቡድኑ እንደ ልማዱ ጠዋት ቆሞ ተሰበሰበ። በእያንዳንዳቸው አንጓ ላይ ቀጭን አምባር አለ። በደንቡ ላይ የእውነት መለኪያ ይባላል፤ ሰው ግን “ምስክር” ይለዋል። የደም ምትንና ላብን እያነበበ፣ ያጠለቀው ሰው የሚያምንበትን ሲናገር አረንጓዴ፣ ሲዋሽ ቀይ ያበራል። የሰማውን ሁሉ ለቀማሪ ያቀብላል። ቀማሪ ደግሞ ሥራ የሚያከፋፍለው፣ ቀን የሚቆርጠው፣ ማን በየትኛው ቡድን እንደሚቆይ የሚወስነው ማሽን ነው።

“ትናንት ምን ሠራችሁ? ዛሬ ምን ትሠራላችሁ? ያገዳችሁ ነገር አለ?” ሲል ቀማሪ ከግድግዳው ውስጥ ጠየቀ።

“መታጠፊያው ትእዛዝ ሲደርሰው ይታጠፋል። ያገደኝ የለም” አለች የመታጠፊያውን ክፍል የምትጽፈው ኸድጃ። አምባሯ አረንጓዴ አበራ።

“እንድፈትን የተሰጠኝን ሁሉ ፈትኛለሁ፤ አልፏል” አለ ኦጁሉ፣ የሌሎቹን ሥራ የሚፈትነው ረጅሙ ልጅ። የእሱም አረንጓዴ ሆነ።

ጋሽ ልሣኑ የቡድኑ አንጋፋ ናቸው። ነፋስን የሚያነብበው ክፍል የእሳቸው ድርሻ ነው። ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ “የነፋሱ ክፍል ትናንት እጄ ላይ አለቀ” አሉ።

አረንጓዴ።

“ተጠናቀቀ ብዬ መዝግቤያለሁ” አለ ቀማሪ።

አስካለ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ሥራው በቀኑ እየሄደ ነው፤ የምረቃው ዕለት ተቆርጧል፤ እንግዶች ተጠርተዋል። ሆኖም ጋሽ ልሣኑ ሲናገሩ ኸድጃ ዓይኗን መሬት ላይ እንደ ተከለች አየች። ኦጁሉም ከንፈሩን ነክሶ ነበር። አረንጓዴውን መብራት አይታ ነገሩን ተወችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከከተማው ውጭ፣ በከባድ መኪና መንገዱ አጠገብ፣ በጥቂት ሸራዎች ሙከራ ተደረገ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አማረ። ከዚያ ከጨው ሜዳው በኩል ነፋስ ተነሣ። ምዕራብ ያሉት ሸራዎች ተጣጠፉ፤ ምሥራቅ ያሉት ግን ነፋስ የሚባል ነገር እንዳልሰሙ ሁሉ ተዘርግተው ቀሩ። አንዱ እየተንገዳገደ ሄዶ የመንገድ ዳር ሻይ ቤት ቆርቆሮ ላይ ወደቀ።

የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ሞሚና የተባለች ሴት፣ ትከሻዋ ተሰበረ። አስካለ ክሊኒክ ሄዳ ስትጠይቃት ሴትየዋ አልተቆጣችም።

“ከላይ የሚወርድብኝ ፀሐይ ብቻ ይመስለኝ ነበር” አለቻት። “ይሄንኑ ነው በከተማው ሁሉ ላይ የምትዘረጉት?”

 አስካለ ተመልሳ ቡድኑን አንድ በአንድ ጠራችና ከአምባራቸው ጋር ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻቸው። “ሆን ብለሽ ያበላሸሽው ነገር አለ?” “የለም።” አረንጓዴ። “ሌላ ሰው ሲያበላሽ አይተሃል?” “ለማበላሸት ብሎ የነካ ሰው አላየሁም።” አረንጓዴ። ጋሽ ልሣኑንም በአክብሮት ጠየቀቻቸው፤ “ክፉ አስቤ አላውቅም፣ አስካለ” አሉ። ያም አረንጓዴ ነበር።

ሁሉም እውነቱን ተናግሯል፤ ሸራው ግን ወድቋል። ታዲያ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አምባሩ ተታልሏል፣ ወይ እሷ።

ከዚያ ወዲያ የአስካለ እንቅልፍም ሥራም ጥርጣሬ ሆነ። ወደ ክፍሉ ስትገባ ወሬ እንደሚቋረጥ ልብ አለች። ድሮም ይቋረጥ ነበር ይሆን? ኦጁሉ ስታልፍ የኮምፒውተሩን ስክሪን ዘወር ያደርጋል። ኸድጃ ከእሱ ጋር በዓይን ትግባባለች። ኦጁሉ ከዚህ በፊት ይሠራ የነበረው የራሷን ዳስ ለመሸጥ ከጨውበር ጋር በምትፎካከር ከተማ ነው። ጨውበር ቀድማ ካስመረቀች ያቺ ከተማ ገበያ ታጣለች። አስካለ ይህን ስታስብ ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘላት። እሱ ነው አለች በልቧ። አምባሩን እንዴት እንደሚያታልል ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ለቀማሪ ብትነግረው ወዲያው ያነሣዋል። ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ በዓይኗ ሳታይ የሰው እንጀራ መንካት ከበዳት። በዓይኗ ለማየት ግን ቆረጠች።

በመሥሪያ ቤቱ አምባር የሚወልቀው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁሉም ቻርጅ ማድረጊያው ላይ ሰክቶት ይሄዳል። አስካለ የቡድን መሪ ስለሆነች የእሷ አይወልቅም፤ ምሳዋንም ቢሮዋ ነው የምትበላው። ያን ቀን ግን ሳህኗን ትታ ወጣች። ካፌው ውስጥ ከእሷ ቡድን አንድም ሰው የለም። በመስኮት በኩል ኦጁሉ ግራና ቀኙን ገልምጦ በግቢው ጀርባ ወዳለው የውሃ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲገባ አየችው። ትንሽ ቆይታ ኸድጃ ተከተለችው። ከዚያ ጋሽ ልሣኑ፣ ቀስ እያሉ።

ጋሽ ልሣኑም? አለች አስካለ በልቧ።

የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ተጠግታ ቆመች። በመጀመሪያ የሰማችው የኦጁሉን ድምፅ ነው።

“አስካለ ካወቀች አለቀልን።”

የጠረጠረችው ሁሉ እውነት ሆኖ ተሰማት። ልትገባ ስትል የጋሽ ልሣኑ ድምፅ ያዛት።

“እኔ ልንገራት። ክፍሉን አላውቀውም። ምትኩ የጻፈው ነው። እሱ ከሄደ ወዲህ እየነካካሁ፣ ይስተካከላል እያልኩ፣ ይኸው እጄ ላይ አለቀ። የምሥራቁ ነፋስ ከየት እንደሚነበብ እንኳ ጠፍቶኛል። ሴትየዋን የሰበራት እኔ ነኝ።”

“እርስዎ ብቻ አይደሉም” አለች ኸድጃ። “የእኔ መታጠፊያ ትእዛዝ ሲደርሰው ይታጠፋል ያልኩት እውነት ነው። ትእዛዝ እንደማይደርሰው ግን አውቅ ነበር።”

“እኔም የተሰጠኝን ፈተንኩ እንጂ የምሥራቁን ማን ሰጠኝ?” አለ ኦጁሉ። “ስጡኝ አላልኩም። መውደቁን ስለማውቅ ነው ያላልኩት።”

አስካለ ከበሩ ጀርባ ቆማ የጠዋቱን ቃል አስታወሰች። እጄ ላይ አለቀ። ማሽኑም እሷም ሰሙን ይዘው ሄደዋል። ወርቁን ለመስማት አንዳቸውም ጆሮ አልነበራቸውም።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሦስቱም ተነሡ። 

“ለምን አልነገራችሁኝም?” አለች።

 የመለሰችው ኸድጃ ናት።

“ምትኩ ነግሮሽ ነበር።”

አስካለ ምትኩን አልረሳችውም። በአንድ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ “የነፋሱ ክፍል ካሰብኩት በላይ ከብዶኛል፤ ጊዜ ያስፈልገኛል” ብሎ ነበር። አምባሩም አረንጓዴ አበራለት። ቀማሪ ግን ንግግሩን መዘግየት ብሎ መዘገበው፤ በዚያው ሳምንት ወደ ውሃ መስመር ጥገና እንዲዛወር ወሰነ፤ አስካለም አጸደቀች። የማሽኑን ውሳኔ ማጽደቅ እንደ ሥራዋ አድርጋ ነበር የምታየው። ምትኩ ዕቃውን ሲሰበስብ ማንም ምንም አላለም። በማግስቱ ሁሉም አምባር አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን “አግዶኛል” ያለ ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲመላለስባት ሦስቱ ሰዎች ፊቷን ሳይሆን እጇን እንደሚያዩ አስተዋለች። አምባሯ እንደ ጠለቀ ነው። ወደ ውጭ ወጣች፣ አወለቀችው፣ ከግቢው ዛፍ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው፣ ተመልሳም ባዶ የውሃ ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች።

“እንዲያ ከሆነ ከመጀመሪያው ንገሩኝ” አለች። “ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም? ማንም የትም አይሄድም።”

“ማሽኑስ?” አለ ኦጁሉ፤ ገና አላመናትም።

“ማሽኑ ሲወስን የምታጸድቀው እኔ ነኝ። አላጸድቅም።”

ኦጁሉ ጋሽ ልሣኑን አየ። ጋሽ ልሣኑ በግንባራቸው ምልክት ሰጡት። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። አስካለ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ኸድጃ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ኦጁሉ የሚፈራውን ተናገረ። ኦጁሉ ወደዚህ የመጣው የቀድሞ ከተማው ዳስ በነፋስ ሲወድቅ አይቶ፣ ሁለተኛ እንዳያይ ብሎ እንደሆነም ያን ቀን ሰማች፤ በልቧ የፈረደችበትን አስባ አንገቷን ደፋች። ምትኩን ስልክ ደወሉለት። መጀመሪያ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ መለሰ፤ ስለ ነፋሱ ክፍል ሲጠየቅ ግን ራሱን መግታት አልቻለም። ሥራው በአንድ ሸራ ተጀምሮ፣ ያ አንዱ በእውነተኛ ነፋስ ውስጥ ሲታጠፍ በዓይን ታይቶ፣ ከዚያ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ ረድፍ መሄድ ነበረበት አላቸው። በተቆረጠው ቀን ግን አይደርስም።

አስካለ አምባሯን አጥልቃ የዳሱ ፕሮጀክት ኃላፊ ወደሆኑት ወደ አቶ ሐንፈሬ ቢሮ ሄደች። ምረቃው መራዘም እንዳለበት፣ የምሥራቁ ነፋስ እንደማይነበብ፣ እንግዶቹ በመጡበት ቀን ነፋስ ቢነሣ ሸራው የሚወድቀው ከተማው ላይ መሆኑን ነገረቻቸው። አረንጓዴው መብራት አንድም ጊዜ አልጠፋም።

አቶ ሐንፈሬ የሚያዩት መብራቱን ነበር። ፊታቸው አልተፈታም።

“አረንጓዴ ነው” አሉ። “ሸራው የወደቀ ዕለት ጠዋትም አረንጓዴ ነበር። ሁሉም አልቋል ብላችሁኝ ነበር። አሁን ደግሞ አላለቀም ትይኛለሽ፤ ይሄው መብራት ሁለቱንም እውነት ነው ይለኛል። የቱን ልመን?”

“ይሄኛውን” አለች አስካለ።

“ለምን?”

አስካለ አንጓዋ ላይ ያለውን መብራት አየች። ሰውየው ተነሥተው የቢሮውን በር ዘጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

“አውልቂው።”

አምባሩን ሰጠቻቸው። መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት፣ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥተው ከእሷ ትይዩ አስቀመጡ። አምባሩ በሠራተኛው ሁሉ እጅ እንዲገባ የፈረሙት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

“በይ አሁን ንገሪኝ።”

አስካለ ያንኑ ነገረቻቸው። አንድ ቃል አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም። አሁን ግን መዋሸት ትችል ነበር፤ አቶ ሐንፈሬም ያንን ስለሚያውቁ ይሆናል፣ መብራት ሳይሆን ዓይኗን እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ስትጨርስ ወንበራቸውን ወደ ቦታው መለሱ።

“ለእንግዶቹ እኔ እነግራቸዋለሁ” አሉ። “ምትኩን መልሺው።”

ምረቃው ተራዘመ። ቀማሪ ምትኩ እንዲመለስ አልመከረም፤ ሆኖም ተመለሰ። በአንድ ሸራ ጀመሩ። እያንዳንዱ ክፍል አልቋል የተባለው፣ ሰው ስለተናገረ ሳይሆን፣ ሜዳ ላይ ወጥቶ ሲታጠፍ ስለታየ ነው። አዲሱ ዳስ ከተማውን ያለበሰ ዕለት ቀትር ላይ ነፋስ መጣ። ምሥራቁም ምዕራቡም አብሮ ተጣጠፈ፤ ሰዉ ለጥቂት ጊዜ ራቁቱን የቆመ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ጥላው ተመለሰ። ሞሚና ከአዲሱ ቆርቆሮዋ ሥር ወጥታ ስታይ ዋለች፤ አንዴም ዓይኗን አልነቀለችም።

አምባሩ በደንቡ ላይ የሰፈረ ነገር ስለሆነ አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ቀማሪ ይጠይቃል፤ እነሱም ይመልሳሉ። እውነተኛው ሥራ ግን በቀትር፣ በውሃ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ሆነ፤ አስካለም አምባሯን አግዳሚው ላይ እያስቀመጠች በየቀኑ ትገባለች።

አንድ ቀን ስትገባ ጋሽ ልሣኑን ብቻቸውን አገኘቻቸው። ኸድጃ የለችም፤ ኦጁሉም ምትኩም። ትንሽ ጠበቀች። ከክፍሉ አጠገብ ካለው የፓምፕ ቤት ጀርባ ዝቅ ያለ ንግግር ይሰማል፤ የኸድጃ ድምፅ ነው፤ የኦጁሉም አለበት። የቀድሞው ጥርጣሬ ወደ አስካለ ተመለሰ። እግሯ ወደ በሩ ዞረ።

“ስለ እኔ ነው የሚያወሩት?” ስትል ጋሽ ልሣኑን ጠየቀቻቸው።

“ስለ አንቺ ይሆናል። ስለ እኔም ይሆናል” አሉ። እሳቸውም ወደ በሩ ያዩ ነበር።

“እዚህ የማይባል ምን አለ?”

ጋሽ ልሣኑ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ከውጭ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁ እንደገና ዝቅ አለ። አስካለ እጇን የበሩ እጀታ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው፣ ጀሪካኗን ጎተተች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ራሳቸው እስኪመጡ ልትጠብቅ ተቀመጠች።