የካፖርቱ ተራ

ስንት ሰዓት ሆነ? ስድስት አለፈ? ጥሩ። ካርታውን አስቀምጡት። ያቺንም አምፖል አጥፏት። አጥፏት አልኩ እኮ! በለቅሶ ቤት ሌሊት ፊት ለፊት ባይተያዩ ይሻላል። ውጪ ያለችው የወፍጮ ቤቱ አምፖል ትበቃናለች። መንገዱን ታሳየናለች። መንገዱ ጭር ብሏል፣ አያችሁት? ውሻ እንኳ የለበትም።

ተረት ተረት አልላችሁም፤ የላም በረትም አትበሉኝ። እማማ የውብዳር ከተቀበሩ ዛሬ ሁለተኛ ሌሊታቸው ነው። በድንኳናቸው ተቀምጬ ተረት አላወራም። የማወራው የሆነ ነገር ነው። እኔን ታውቁኛላችሁ፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰፈር የሞተውን ሁሉ ጎህ ሲቀድ ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ። ሞት አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳይነገር የቀረ ሞት።

ኢንጂነር አያልነህ፣ ምነው በሩ ላይ? ወደ ውስጥ ጠጋ ይበሉ እንጂ። ራስዎ ሸራውን ሊነካ ነው። ካፖርትዎንም ያውልቁ፣ እዚህ ይሞቃል። አይፈልጉም? እሺ፣ እንደ ወደዱ። ንፍሮ አቀብሏቸው።

እንግዲህ ስሙኝ። ድሮ ነው። ልጆች ለትምህርት ወደ በረዶ አገር በሚላኩበት ዘመን ነው። ከአንድ ሰፈር ሁለት ተማሪዎች ሄዱ። አንዱ ረጅም ነው። አንዱ አጭር ነው። ስማቸውን አሁን አልጠራም። ረጅሙ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ አጭሩ ሳቂታ ነው። የአጭሩ እናት ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኛቸው የልጇን እጅ ያዘችና በረጅሙ እጅ ላይ አኖረችው። ምን አለች? «አደራ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ረጅሙስ ምን አለ? «አይዞሽ እናቴ። እኔ ሳልበላ እሱ ይበላል፣ እኔ ሳልለብስ እሱ ይለብሳል» አለ። ምላስ አጥንት የለው፣ ምን ይከብደዋል?

በረዶ አገር ደረሱ። ብርዱ ሥጋ አልፎ አጥንት ይገባል። ያላቸው ልብስ ስስ ነው። ገንዘብ አዋጡና ከአሮጌ ልብስ ገበያ አንድ ካፖርት ገዙ። አንድ! ለሁለት ሰው አንድ። ታዲያ እንዴት ይለበሳል? በተራ። ዛሬ አንተ፣ ነገ እኔ። ረጅሙን ልክክ ይለዋል። አጭሩ ሲለብሰው ግን መሬት ይጠርጋል። «የጳጳስ ልብስ ሆነልኝ፣ ኑ ልባርካችሁ» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር።

የክረምት እረፍት መጣ። አንድ ሳምንት ነው። ረጅሙ «ተነስ፣ አገር እንይ፣ ተራራ እንውጣ» አለ።

«በዚህ ብርድ? ተራራው ፎቶ የለውም? ፎቶውን እንይ» አለ አጭሩ።

«አንተ ካልመጣህ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ብቻህንማ አትሄድም» አለና ተነሳ። ይቺን ቃል ያዙልኝ። ብቻህንማ አትሄድም።

ሰኞ በባቡር ተነሱ። የካፖርቱ ተራ የረጅሙ ነው። ማክሰኞ አንድ ከተማ ዋሉ። ተራው የአጭሩ ነው። ረቡዕ ከተራራው ሥር አንዲት መንደር አደሩ። የረጅሙ ነው። ሐሙስስ? በሉ እንጂ፣ ሐሙስ የማን ነው? የአጭሩ! አዎ፣ የአጭሩ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ በጫካው አቋርጠው ወደ ማዶው መንደር ሊሻገሩ ተነሱ። ያሳደረቻቸው አሮጊት በር ላይ ቆማ አስጠነቀቀቻቸው። «በዚያ መንገድ ከመሸ አይኬድም። ከሄዳችሁም አንዳችሁ አንዳችሁን እንዳትተዉ» አለች። ወጣት ምክር ይሰማል? አይሰማም። ሄዱ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ አጭሩ ተንሸራተተ። ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ። ሊነሳ ሞከረ፣ አቃተው። ረጅሙ ሊሸከመው ሞከረ፣ አቃተው። በረዶው መውረድ ጀመረ። መሸ። ረጅሙ ከአንድ ዛፍ ሥር አስቀመጠውና «መንደሩ ቅርብ ነው፣ ሮጬ ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለ። እስከዚህ ድረስ ምን ጥፋት አለው? የለውም። ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። ከዚያ ግን እጁን ዘረጋ።

«ካፖርቱን ስጠኝ» አለ።

«ተራዬ ነው እኮ» አለ አጭሩ።

«እኔ ነፋስ ላይ ነኝ። አንተ ዛፍ ሥር ተጠልለሃል። አምጣ!»

አጭሩ ሳቀ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ሳቀ። አወለቀና ሰጠው። «ቶሎ ተመለስ» አለው።

ረጅሙ ሮጠ። እውነቱን እናውራ፣ ከልቡ ሮጠ። መንደሩ ደረሰ። በሩን አንኳኳ። አስገቡት። እሳት ይነድዳል። ትኩስ ሾርባ ሰጡት። ጉሮሮ የሚያቃጥል መጠጥ ቀዱለት። ቤቱ ውስጥ አምስት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ቢናገር ችቦ አብርተው ይወጣሉ። ምን ነበር የሚናገረው? «ጓደኛዬ ውጪ ነው።» ሦስት ቃል! ቋንቋውን ያውቃል፣ ሁለት ዓመት ተምሮታል። ግን ከተናገረ መንገድ ለማሳየት አብሮ መውጣት አለበት። እሳቱ ደግሞ ጥሩ ነው። «ትንሽ ልሙቅና እነግራቸዋለሁ» አለ በልቡ። ሾርባውን ጨረሰ። «ትንሽ ልሙቅና።» መጠጡን ደገመ። «ትንሽ ልሙቅና።» ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። በካፖርቱ ተጠቅልሎ ተኛላችሁ!

ኢንጂነር፣ ሻዩ ቀዘቀዘብዎት። ይጠጡት እንጂ።

ዓርብ ጠዋት ሄዱ። አገኙት። እንዴት አገኙት? ዛፉ ሥር ተቀምጧል። ደርቋል። አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል፤ ዕቃ እንደሚቀበል ሰው። እጁን ሊያጥፉት ሞከሩ፣ አልታጠፈም። መንደርተኞቹ እንደተዘረጋ እዚያው ቀበሩት።

የትምህርት ቤቱ ሹሞች ሰሙ። በስልክ አነጋገሩትና «ለቤተሰቡ እንጻፍ» አሉት። ረጅሙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በኛ አገር መርዶ በወረቀት አይላክም። ነውር ነው። ሰው በአካል ሄዶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚያረዳው። ለኔ ተዉት» አላቸው። ውሸት ነው? አይደለም፣ ባህላችን ነው። ፈረንጆቹም አመኑት። ባህላችንን ጉድጓድ አደረገውና ጓደኛውን ሁለተኛ ቀበረበት።

ዓርብ ማታ በባቡር ተመለሰ። ብቻውን ነው። ሻይ የምታዞረው ሴት መጣች። ሁለት ብርጭቆ አስቀመጠች። «አንድ ነው ያዘዝኩት» አላት። ፊት ለፊቱ ያለውን ባዶ ወንበር አየችና «ለጓደኛህስ? ፊቱ ጠቁሮ የለ እንዴ ከብርድ» አለችው።

ቅዳሜ መንገድ ላይ አደረ። ክፍሏ ሁለት አልጋ አላት። በአንዱ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ ሌላው አልጋ ጎድጉዷል። ዳሰሰው። ርጥብ ነው። የቀለጠ በረዶ ነው።

እሑድ ማደሪያቸው ገባ። ካፖርቱን ምስማር ላይ ሰቀለ። መብራት አጠፋ። ተኛ። ድምፅ ሰማ። ምን ዓይነት ድምፅ? ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አይጥ ነው? አይደለም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ጥርስ ነው። የሚንቀጫቀጭ ጥርስ ነው። ዓይኑን ገለጠ። ካፖርቱ ከምስማሩ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል። አንዱ እጅጌ ሞላ። ሌላው እጅጌ ሞላ። ጫፉ ወለሉን ጠረገ።

«ተራዬ ነው» አለ።

ረጅሙ ዘሎ ካፖርቱን ነጠቀው። አዎ፣ ከሞተ ሰው ላይ ነጠቀ! ለበሰውና ቆልፎ ማዕዘን ላይ ኩርምት አለ። ያ ድምፅ አጠገቡ መጣ።

«ወይ ካፖርቱን ስጠኝ፣ ወይ ለእናቴ ንገራት። ከተለቀሰልኝ አይበርደኝም።»

ረጅሙ ምን አደረገ? በነጋታው ወረቀት አወጣና ጻፈ። «ውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ከናፍቆትሽ በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ።» በሟቹ ስም ፈረመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካፖርቱን አላወለቀም። ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲሞቅም። ካወለቀው የሚለብሰው አለ።

ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባ። እናትየው በር ላይ ጠበቀችው። ከኋላው ሰው ፈለገች። «ልጄስ?» አለች። «ትምህርት ጨምሯል» አለ። በሁለተኛው ዓመት «ሥራ ይዟል» አለ። በአምስተኛው «እዚያው አግብቷል» አለ። ትልቅ ሰው ሆነ፣ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ። በየእንቁጣጣሹ ሊጠይቃት ይሄዳል። እሷም በሄደ ቁጥር ሁለት ሳህን ታቀርባለች። አንዱን በፊቱ፣ አንዱን ከጎኑ። እሱ ምን መሰለው? በናፍቆት ጃጅታለች አለ።

አልጃጀችም!

ይህን ሁሉ ማን ነገረህ ትሉኛላችሁ። እማማ የውብዳር ናቸው የነገሩኝ። ደብዳቤዎቹን አነብላቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንዱን ሳነብ እጄን ያዙኝ። «ተወው» አሉኝ። «አስናቀ ውድ እናቴ ብሎኝ አያውቅም። እሙ ነው የሚለኝ። ልጄ ሞቷል። በሞተ በሰባተኛው ሌሊት መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። እሙ፣ በረደኝ አለኝ። ሁሉን ነገረኝ። ግባ አልኩት። መርዶዬ ሳይነገር አልገባም አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ለቅሶ አይቀመጡም?» አልኳቸው።

«ሕልም አይቼ ድንኳን ልትከል? አደራ የሰጠሁት ሰው አለ። እሱ ይንገረኝ» አሉኝ። አርባ ዓመት ጠበቁ። በየዓመቱ ሁለት ሳህን እያቀረቡ፣ ዘንድሮ ይናገራል እያሉ። ባለፈው ሰኞ ሊሞቱ ሲሉ አስጠሩት። መጣ። «አንተ ልጅ፣ የምትነግረኝ የለም?» አሉት። እኔ ቆሜያለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን አላቸው? «አስናቀ ለፋሲካ ይመጣል» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። በዚያው አለፉ።

አያልነህ! ከእንግዲህ እርስዎ አልልህም። ለምን ትንቀጠቀጣለህ? ይሞቃል አላልኩህም? ሁለት ቃል ነው። አስናቀ ሞቷል በል። እናቱ ባይኖሩ ሰፈሩ አለ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው ተቀቅሏል። እኛ እናልቅስለት። ጎህ ሲቀድ ስሙን እጠራና ልጁ ይረፍ፣ አንተም ካፖርትህን አውልቅ። በል እንጂ! ሁለት ቃል!

አትናገርም?

ተነሳ። ሊሄድ ነው። አሁንም ዝም ብሎ ሊሄድ ነው።

ቁጭ በል አንተ ሙሉቀን! ወዴት ነህ? ሽማግሌ ናቸው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ልሸኛቸው ትለኛለህ? ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ራሴ እልክህ ነበር። በሌሊት ማንም ሰው ብቻውን አይሂድ እላችሁ የለ? ዛሬ ግን ተቀመጥ። ተቀመጥና ኮቴውን ስማ። ስንት ነው? ደህና አድርጋችሁ ስሙ። የስንት ሰው ኮቴ ነው?

አሁን ወፍጮ ቤቱ ጋ ሊደርስ ነው። አምፖሏ ሥር ሲያልፍ ሸራውን ገለጥ አድርጉና እዩ። ከዚህ ሲወጣ ካፖርቱን ለብሶ ነበር አይደል? ሁላችሁም አይታችኋል፣ እስከ አንገቱ ቆልፎት ነበር።

እዩት። በሸሚዝ ነው። ራሱን አቅፎ ይንቀጠቀጣል።

ካፖርቱስ? ከጎኑ አለ። መሬት እየጠረገ ይሄዳል።

ሸራውን መልሱት። የድንኳኑንም አምፖል አብሩ። ጡሩንባዬን አቀብሉኝ፣ ልወልውላት። ጎህ ሲቀድ ሁለት ስም እጠራለሁ።