ፓፌን ማን ሳበው?

ማመን የሚከብዳችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ታሪኩን ከራሷ ከዝናሽ አፍ ነው የሰማሁት። ዝናሽ ደግሞ እንኳን ለመዋሸት፣ ለማጋነንም ትዕግሥት የላትም።

ቦታው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ልብ በሉ... ሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው።

ዝናሽ ከጎንደር ወጥታ ለረጅም ዓመታት እዚያ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት። በጦርነቱ ሰፈርተኛው ሁሉ ሲሰደድ "እኔ ንቅንቅ አልልም!" ብላ የቀረች እልኸኛ። አስም አለባት። አስሟንም እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የምትሰድበው።

የዚያን ቀን ሃቡብ ተነሳ። ሰማይና ምድሩን የሚያጣብቀው የአቧራ ማዕበል።

ፀሐይዋ መጀመሪያ ቀላች። ከዚያ ጠፋች...

ዝናሽ የብረት በሯን ዘግታ ሥሩን በእርጥብ ጨርቅ ወተፈችው። አብራት ያለችው ሁስና ብቻ ነበረች። ሁስና በግቢው የቀረች አንድ ጎረቤቷ ናት፤ ሱዳን ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ይሰባበራል።

በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ...

"ተፈደል!" አለች ዝናሽ።

ሱዳን የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። በር ሲንኳኳ ምላስ በራሱ ነው "ተፈደል" የሚለው፤ "ግባ፣ ቤት ለእንግዳ" እንደ ማለት ነው። ማን እንደሆነ እንኳ አይጠየቅም።

ማንም አልገባም። በሩም አልተከፈተም።

ግን በሩ ሥር ያለው ጨርቅ... ደርቋል። አሁን ከውሃ ያወጣችው ጨርቅ!

"ኻልቲ..." አለች ሁስና በሹክሹክታ፤ "አክስቴ" ማለቷ ነው። "ማንን ነው ተፈደል ያልሽ?"

"የሚያንኳኳውን ነዋ።"

"ማፊ ዞል። ማንም የለም። የውጪ በር እኔ ቆለፍኩ።"

ዝናሽ ልትመልስላት ስትል ሳል ያዛት። ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ትንፋሽ አጠራት።

የአስም ፓፏን አወጣች። እሷ የምታውቀው በሰፈሩ የቀረ ፓፍ ያ ብቻ ነበር። ፋርማሲዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። "ወንዝ ማዶ ኦምዱርማን ይገኛል፣ ኢንሻላህ" የሚል ወሬ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

ፓፉን የምትወስድበት ዘዴ አላት። የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ትበሳና ፓፉን ትሰካበታለች። ከዚያ በጠርሙሱ አፍ ትስበዋለች። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ አይቀርም፤ ሳንባ ድረስ ይገባል።

ተጫነችው።

ፍስስ...

ጠርሙሱ በነጭ ጉም ተሞላ። ሳበች።

ባዶ።

ጉሙ ወደ አፏ አልመጣም። ወደ ኋላ ነው የሄደው! ፓፉ በተሰካበት ቀዳዳ በኩል ሙልጭ ብሎ ወጣ።

"ቀዳዳው ሰፍቶ ነው" አለች። ዙሪያውን በጣቶቿ አፍና ደግማ ተጫነች።

አሁን ጠርሙሱ ራሱ ተጨማደደ። ግራና ቀኙ ተጣበቀ...

እሷ ገና አፏን አላስጠጋችም።

ከዚያ ሁለቱም ሰሙት። ረጅም፣ የጠገበ ሰው ትንፋሽ። በሁለቱ መሃል።

"ኻልቲ... እዚህ ሌላ ሰው አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ያላ! እንውጣ!"

"ከገዛ ቤቴ? አላደርገውም!"

እኔ ብሆን በሩን ገንጥዬ እሮጥ ነበር። እሷም ፈርታለች፤ ራሷ ነግራኛለች። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗ ጭልም ማለት ጀምሯል። መድኃኒቱ አሁን ካልገባላት እዚያው ልትቀር ነው። ግን ከፍርሃቷ ንዴቷ ባሰ።

ጠርሙሱን ወረወረችው።

"ከቻልክ... ከአፌ... ንጠቅ!"

ፓፉን በጥርሷ ነክሳ ተጫነች።

ጉንጯ ላይ፣ ከአፏ ጥግ፣ አንድ ነገር ተለጠፈ። ደረቅ... ቀዝቃዛ... ከንፈር ነው።

ከጥርሶቿ መሃል ይስብ ጀመር። ዝናሽም ሳበች። እሱም ሳበ። አንዷን ፓፍ ይዘው ተጓተቱ...

ገባላት! መድኃኒቱ ወረደ። ደረቷ ትንሽ ከፈት አለ።

መጀመሪያ ባገኘችው ትንፋሽ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጮኸችበት።

"ተፈደል ያልኩህ እኔ ነኝ! ውጣ የምልህም እኔ ነኝ! እጥላ በራ! ውጣ!"

በሩ ተበረገደ። ነፋሱ ወደ ቤት ነው የሚነፍሰው። በሩ ግን የተከፈተው ወደ ውጪ ነው።

ማዕበሉ ሲያልፍ ቀስ ብለው ወጡ። ግቢው ቀይ አቧራ ለብሷል። ዱካ የሚባል የለም።

ደጃፉ ላይ ግን አቧራው ተቆልሏል። አናቱ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ አቧራው ብን ብሎ ይወጣል... ተመልሶ ይገባል።

ይወጣል... ይገባል።

ሁስና ወደ ግድግዳው ሸሸች። ዝናሽ ባልዲ ሙሉ ውሃ አንስታ "እንካ!" ብላ ደፋችበት። ጭቃው ቀዳዳዋን ደፈናት።

ዝም አለ።

ቆመው አዩት...

ከጭቃው መሃል አንዲት አረፋ ወጣች። ቀስ ብላ አበጠች። ቀስ ብላ ሟሸሸች።

ከዚያ እንደገና ታብጥ ጀመር...