በጎን የተሣለው ፊት

የሠዓሊው ዘመነ አስከሬን ከገደል ሥር በተገኘ በማግሥቱ፣ መምሬ ይታያል ለሟቹ ሚስት ለየኔአለም ቁርጡን ነገሯት።

«ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፣ ልጄ። ከቅጥሩ ውጭ ይቀበራል። ወረቀቱን አይተሻል።»

አይታለች። ወረቀቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ድንጋይ ተጭኖት ተገኘ፤ የዘመነ ፊት በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ተሥሎበታል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን እንደሚሣል የደብረ ኤልያስ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዘመነ በራሱ ላይ ፈረደ ተባለ።

«አላደረገውም» አለች የኔአለም፣ ከደብረ ማርቆስ ለመጣችው ለኢንስፔክተር እስከዳር።

እስከዳር የዘመነን የሥዕል ደብተር አገላበጠች። «ግራኝ ነበር?»

«እናቱ እጁን ብታስርም አልተወም።»

ከቀትር በኋላ አስከሬኑ ባረፈበት ግቢ፣ የኔአለምና መምሬ ይታያል ባሉበት፣ ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ ባለፈው ሳምንት ከዘመነ ጋር በሰው ፊት የተጣላው የሥዕል አስተማሪ እንድሪስ፣ እና የዘመነ የሥራ ባልደረባ አንተነህ።

«ከእሱ ሌላ ማን ይጠላዋል?» አለ አንተነህ፣ በአገጩ ወደ እንድሪስ እየጠቆመ።

«ሁለታችሁም ፈረስ ሣሉልኝ» አለች እስከዳር።

«ሬሳ ፊት ፈረስ? ፖሊስ ነዎት ወይስ የሕፃናት አስተማሪ?» አለ አንተነህ።

ሣሉ፤ ሁለቱም በቀኝ እጃቸው። የእንድሪስ ፈረስ ወደ ቀኝ፣ የአንተነህ ወደ ግራ ዞሯል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ መጀመሪያ ያነበቡት ምንድን ነው?»

«ቁርአን። ከቀኝ ወደ ግራ።»

«ስለዚህ ፊት ወደ ቀኝ ያዞራሉ። ግራኙ ዘመነም እንዲሁ፤ ደብተሩ ላይ በቅሎው፣ ሰይጣኑ ሳይቀር ወደ ቀኝ ያያል። ፊደል ቆጥሮ በቀኝ እጁ የሚሥል ሰው ግን ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ያዞራል። የገደሉ ወረቀትም ወደ ግራ ያያል።»

«ልማድ ማስረጃ አይሆንም» አለ አንተነህ።

«ልክ ነህ። ጭረቱን እንይ።» ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች። «የዘመነ የጥላ ጭረት ከላይ ከግራ ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳል። የገደሉ ወረቀት ግን ተቃራኒው ነው፤ ጫፉም እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ያንተን ፈረስ ጋማ እየው።»

አንተነህ ጋማውን በመዳፉ ሸፈነው። መልሶ እጁን አነሳ።

«አሥራ አንድ ዓመት ቀለም በጠበጥኩለት። መቅደሱን እንድሥል የደብሩ አለቆች እኔን ሲመርጡኝ፣ ‹ሥዕሉ ነፍስ የለውም› አላቸው። ገፋሁት። ከዚያ...»

«ከዚያ ኃጥእ አደረግኸው» አለች እስከዳር።

መምሬ ይታያል የኔአለምን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። «የክርስትና ስሙን ንገሪኝ፣ ልጄ፤ ለፍትሐቱ።»

«ወልደ...» አለች። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና። ካህኑ ጎንበስ ብለው ጠበቋት።