የረቡዕ ታሪክ

«የድሮውን ቪዲዮ ልቀቂውና እንሂድ በቃ! ማን ያውቃል?» አለች ጓደኛዋ ቀጮ በሩን ተደግፋ። «ጨዋታው ሊጀመር ነው።»

ልጅቷ የእናቷን ስልክ በእጇ ይዛለች። ዐይኗ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ነበር።

እናቷ በማታው ትምህርት ቤት ማንበብ የሚማሩ ትልልቅ ሰዎችን ታስተምራለች። በየረቡዑ አንድ አጭር ታሪክ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ትጽፍና፣ በየቃሉ ሥር ጣቷን እያስኬደች ቀስ ብላ ታነበዋለች። ልጅቷ ከላይ ሆና በስልክ ትቀርጻለች። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ፊት አይታይም፤ ጣትና ፊደል ብቻ። ተማሪዎቹ ቤታቸው ቁጭ ብለው ጣቱን እየተከተሉ አብረው ያነባሉ። ዓምና ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ ግማሾቹ በዚያው ከክፍል ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እናቷ አንድም ረቡዕ ዘላ አታውቅም።

ዛሬ ግን ወረቀቱን ጽፋ ጨርሳ አፏን ስትከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጉንፋኑ ድምፅዋን ጭራሽ ዘግቶታል።

«‹ዛሬ የለም› ብለን እንጻፍላቸዋ» ብላት ነበር ልጅቷ።

እናቷ በዚያ ሕመሟ እንኳ ሳቀች። «ማን ያነበዋል ብለሽ?» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ አንብቢላቸው፣ የኔ እናት። እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።»

«እሺ እማ» አለች። አፏ እሺ ይበል እንጂ ሆዷ እሺ አላለም። በዚህ ድምፅዋ? አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ጽሑፍ ስታነብ ከኋላ አንዱ «ሞተር ተነሳ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሞተር ሆኖ ቀረ።

አንድ የቆየ ቪዲዮ መረጠች፤ አዲስ ርዕስ ሰጠችውና ለቀቀችው።

«አየሽ? ተገላገልሽ!» አለች ቀጮ።

ልጅቷ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ስልኩ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው፤ ከልብስ ሰፊዋ። ከእናቷ ተማሪዎች ሁሉ ዘግይተው የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ቲቸርዬ፣ ደኅና ነሽ? ይሄ እኮ የዶሮዋ ታሪክ ነው! ይሄንንማ ዐይኔን ጨፍኜ እወጣዋለሁ።» ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ልጆቼን ሰብስቤ፣ ‹ዛሬ የማነብላችሁ እኔ ነኝ› ብያቸው ነበር። ጣትሽን ተከትዬ አነበብኩላቸው። ‹ይሄንንማ በቃልሽ ነው፣ ማንበብ አይደለም› ብለው ሳቁብኝ። አዲሱ ካለ እባክሽ ላኪልኝ። አሁንም ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።»

ልጅቷ ስልኩን እንደያዘች ወረቀቱን አየች።

«ነገ ይላክላቸዋ» አለች ቀጮ።

«እየጠበቁ ነው አሉ እኮ።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

ልጅቷ የሚስቁት ልጆች ታዩዋት። ሰልፉም ታያት። የጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። የለቀቀችውን ቪዲዮ አጠፋችና ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አደረገችው።

«እንዳትይኝ!» አለች ቀጮ። «የክፍላችን ልጆች ካገኙት አለቀልሽ!»

«ያግኙታ። አንቺ ሂጂ፣ ጨዋታው ያመልጥሻል።»

ቀጮ በሩን አየች፤ ጓደኛዋን አየች። ትንፋሿን ለቅቃ ስልኩን ተቀበለቻት። «ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። ከላይ ነው የሚያዘው?»

«ከላይ። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።»

«እሱን ለኔ ተዪው፣ ይልቅ ያንቺን ጥፍር እዪው።»

ልጅቷ የተበላ ጥፍሯን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አጥብቃ አሳረፈችው። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አነበበች። ጎርናና ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

ወደ ሁለተኛው ቃል ልታልፍ ስትል ቆም አለች። ቪዲዮውን ሲያዩ ልብስ ሰፊዋን ልጆቻቸው ከበዋቸው ይሆናል። እሳቸው ቃሉን አንብበው እንዲደርሱባት ጣቷን እዚያው አቆየችው።